ላሊበላ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ

ላሊበላ ስትሄዱ ቤተ ጊዮርጊስን ከሩቅ አታዩትም። ቀይ ዓለት ላይ እየተራመዳችሁ ድንገት መሬቱ ይከፈታል፤ ከእግራችሁ በታች የመስቀል ቅርጽ ያለው ጣሪያ ታያላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ 12 ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተገነባ አይደለም። ሠራተኞቹ ከላይ ጀምረው ዓለቱን ወደ ታች ፈለፈሉት፤ ሳይቆረጥ የቀረው ድንጋይ ግድግዳም፣ ጣሪያም፣ ዓምድም ሆነ። በከተማዋ እንዲህ ከዓለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ቦታ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ማሳየት ፈለገች። ዕድሜዋ 14 ነው፤ ሜሪላንድ ተወለደች፤ ላሊበላን አላየችም። አያቷ ግን በልጅነታቸው ለገና በዓል ከወልድያ ተነሥተው፣ ከአባታቸው ጋር ቀናት በእግር ተጉዘው ላሊበላን ተሳልመዋል። ቪዲዮው ለእሳቸው የገና ስጦታ እንዲሆን ነው የታሰበው።

የተጠቀመችው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። የምትፈልጉትን በጽሑፍ ትነግሩታላችሁ፤ እሱ ጥቂት ሰከንድ የሚቆይ ተንቀሳቃሽ ምስል ይሠራል። የመጀመሪያው ምስል በጣም ያምር ነበር፤ ብቻ ላሊበላ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ቆሟል፤ ወደ እሱ የሚያወጣ ረጅም ደረጃ አለ። መሣሪያው የተማረው ከብዙ ሥዕልና ቪዲዮ ነው፤ በዓለም ላይ ደግሞ አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ከመሬት ወደ ላይ ነው የሚሠራው። “ከመሬት በታች፣ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ” ብላ ጨመረችበት። አሁን ጉድጓዱን ቆፈረ፤ ጣሪያው ላይ ግን ጉልላት ሰካበት። በሩ አጠገብ ደግሞ ጽሑፍ አለ። ፊደላቱ ከሩቅ የእኛን ይመስላሉ፤ ቀርባ ልታነብ ስትሞክር አንዱም ፊደል አልሆነም። አማርኛ የማይችል ሰው ይህን አያውቅም። እሷ አወቀች።

ስለዚህ እኔ በጉዞዬ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ሰጠኋት። መሣሪያው ከእውነተኛ ፎቶ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጥሩ ናቸው፤ ደመናው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ የአንዲት ሴት ነጠላ በነፋስ ይወዛወዛል። “ካሜራውን አዙረው” ካላችሁት ግን ፎቶው ላይ ያልታየውን የጀርባ ግድግዳ ከራሱ ይፈጥራል። “አሳምረው” ስትለው ደግሞ በቤተ መድኃኔ ዓለም ላይ ያለውን ትልቅ መጠለያ አጠፋው። እሷ ያለ መጠለያው ይበልጥ ወደደችው። እኔ አልተስማማሁም። መጠለያው የተተከለው ዝናብ ዓለቱን እንዳይበላው ነው፤ የቅርሱ ችግርም የታሪኩ አካል ነው። ተከራከርንና መጠለያው ተመለሰ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ መሣሪያውን ለቀቅነው። ቀን ሰዎች የፈለፈሉትን ሌሊት መላእክት ይቀጥሉት ነበር የሚል ትውፊት አለ። ይህን ማንም ፎቶ አላነሣውም፤ መሣሪያው እንዳሻው ቢሥለው ማንንም አያሳስትም። ከሥሩ “በኮምፒውተር የተሠራ ምስል” ብላ ጻፈችበት።

ድምፁም አስቸገረ። “ገና ደረሰ” የሚለውን እንዲያነብ አዘዘችው። ‘ና’ ጠብቃ ስትነበብ በዓሉ ነው፤ ላልታ ስትነበብ “እስካሁን” ማለት ነው። ጽሑፉ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። መሣሪያው አላልቶ አነበበው፤ በዓሉ ጠፋ። “በቃ፣ እማማ ራሳቸው ያንብቡት” አለች። ስጦታው ምስጢር መሆኑ በዚያው ቀረ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሠርታ ነበር። ከእማማ አሮጌ ፎቶ ተነሥታ፣ እሳቸውን በልጅነታቸው ወደ ላሊበላ ሲራመዱ የሚያሳይ ምስል አሠርታለች። ለድምፁ ሲመጡ አሳየቻቸው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩት።

“ቆንጆ ልጅ ናት” አሉ። “ግን እኔ አይደለሁም። እኔ ያኔ ጫማ አልነበረኝም።”

“ጫማውን ላጥፋው እማማ?”

“ተዪው ልጄ። አባቴስ የታለ? እጄን ይዞኝ ነበር እኮ።”

የአባታቸው ፎቶ የለም። ልጅቷ ምስሉን ከቪዲዮው አወጣችውና ስልኩን ወደ እማማ አስጠግታ መቅዳት ጀመረች። እማማ ስለ ስንቃቸው፣ ስለ እግራቸው ቁስል፣ ከገደሉ አፋፍና ከሥሩ ሆነው ስለሚዘምሩት ካህናት አወሩ። ከዚያ ከዮርዳኖስ ማዶ ስላለው ዋሻ ተናገሩ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን የሚያገናኝ፣ ያለ መብራት የሚያልፉበት ጨለማ ነው። ለዚህ ክፍል ፎቶም የለንም፣ መሣሪያም አላስፈለገንም። ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ጥቁር ይሆናል፤ ውስጡ የእማማ ድምፅ ብቻ ይሰማል፦ “አባቴ ‘እጅሽን ከግድግዳው እንዳታነሺ፤ ራስሽን ዝቅ አድርጊ’ ይለኛል።”