ሐኪሙ «አይ ሆፕ» ሲል፣ ሐኪሙ «አይ ዊሽ» ሲል

እንግሊዝኛ ስንማር «ሆፕ» ማለት ተስፋ ነው ተባልን፤ ደብተራችን ላይ ጻፍነው፣ ሸመደድነው፣ አለፍነው። ትርጉሙ ስህተት የለበትም። ችግሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ቃል ብቻውን የሚተወው አልፎ አልፎ መሆኑ ነው። ከፊቱ ወይም ከኋላው አንዲት ትንሽ ቃል ይለጥፍበታል፤ ክብደቱ ያለው እሷ ላይ ነው። «ሆፕ»ን ሰምቶ ጎረቤቶቹን ያልሰማ ሰው ግማሹን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ከተባለው ተቃራኒውን።

ይህን የምጽፈው ሥራዬ የሆስፒታል አስተርጓሚነት ስለሆነ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ አበሻ የሞላበት ስለሆነ ሥራ አይጠፋም። የዲሲ አስተዳደር በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ታካሚ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። (ይህን መብቱን ሳያውቅ የስድስተኛ ክፍል ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞ የሚመጣ ወገን ዛሬም አለ። እባካችሁ ተዉ። ልጅ የአባቱን ካንሰር መተርጎም የለበትም።) የማንንም ታሪክ አላወጣም፤ የምጽፈው በየክፍሉ ደጋግሜ የምሰማውን አነጋገር ነው።

ሐኪሞች ስለ ተስፋ ሲናገሩ መሰላል አላቸው። «ዊ አር ሆፕፉል» ካሉ ነገሩ ደህና ነው፣ ግን ቃል አልገቡም። «ኮሽየስሊ ኦፕቲሚስቲክ» ካሉ ምልክቱ ጥሩ ሆኖ ነገ ቢገለበጥ እንዳትወቅሱን እያሉ ነው። «ስቲል ሆልዲንግ አውት ሆፕ» ሲሉ ጠቦባቸዋል፤ «ስቲል» የምትለዋን ቃል አትለፏት፣ ሌላው ሰው ትቶት እኛ ገና አልተውንም የሚል ነገር አለባት። «ስሊም» ከፊት ከገባች ደግሞ የቀረው ጭላንጭል ነው። «ሆፕ አጌንስት ሆፕ» የሚባለው ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 4፥18 ስለ አብርሃም ከጻፈው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስጋና ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሲነገር ግን ብዙውን ጊዜ «ነገሩ አልቋል፣ ሰውዬው ግን እጁን አልሰጠም» ለማለት ነው።

አማርኛ ደረጃ የለውም እያልኩ አይደለም። የእኛ ተስፋ ይለመልማል፣ ይሰነቃል፣ ይጣልበታል፣ ይመነምናል፣ ይጨልማል፣ መጨረሻ ላይም ይቆረጣል። እንዲያውም እንደ «መሰነቅ» ያለ ግስ እንግሊዝኛው ስለሌለው ያሳዝነኛል። ነገር ግን እነዚህን ቃላት ሐኪም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለታማሚው ሲናገራቸው ማን ሰምቶ ያውቃል? ከባድ ወሬ በእኛ አገር የራሱ ሰዓትና የራሱ መልእክተኛ አለው። መርዶ እንኳ ሌሊት ታስሮ ንጋት ላይ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እዚህ ግን ሐኪሙ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ይናገራል፤ ታካሚው ራሱ እየሰማ።

ወደ «አይ ዊሽ» ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ሰው ሲሳሳት የማየው እዚህች ላይ ነው።

«ዊሽ» ስንል የተማርነው «መመኘት» ብለን ነው። የአማርኛ ምኞት ደግሞ ፊቱ ወደፊት ነው። መልካም ምኞቴን እገልጻለሁ፤ ጤና እመኝልሃለሁ። የሚመኝልን ሰው በሩን ከፍቶልናል። በእንግሊዝኛ ግን ከ«አይ ዊሽ» ቀጥሎ ያለፈ ጊዜ ግስ ከመጣ በሩ ተዘግቷል። ሐኪሟ «አይ ዊሽ ዊ ሃድ ኤ ትሪትመንት ዛት ኩድ ኪዩር ዚስ» ስትል በቀጥታው አማርኛ «የሚያድን ሕክምና የለንም» እያለች ነው። ዘመድ ወይም ልጅ ሲያስተረጉም ይህ ዐረፍተ ነገር «የሚያድን ሕክምና እንዲኖረን እመኛለሁ» ሆኖ ይወጣል። እናት እጃቸውን ዘርግተው «አሜን! እግዚአብሔር ይስማዎ ዶክተር!» ይላሉ። ፊታቸው ይበራል። ሐኪሟ በእንግሊዝኛ ያለውን እጅግ ከባድ ነገር በለሰለሰ አፍ ተናግራ፣ ምላሹ ፈገግታ ሲሆንባት ግራ ይገባታል። ከዚያም ለባልደረባዋ «ሁኔታውን የተረዱት አይመስለኝም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ አልተረዱም። ጥፋቱ ግን የእናት አይደለም።

ይህ አነጋገር የአንድ ሐኪም ባህርይ እንዳይመስላችሁ። ኩዊል፣ አርኖልድና ፕላት የተባሉ ሐኪሞች በ2001 እ.ኤ.አ. «አናልስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲሲን» ላይ ስለዚህችው «አይ ዊሽ» ጽፈዋል። «አይ አም ሶሪ» ሲባል አንዳንድ ሰው ጥፋት እንደማመን፣ አንዳንዱም እንደ ከንፈር መምጠጥ ሊቆጥረው ይችላል። «አይ ዊሽ» ግን ሐኪሙን ከቤተሰቡ ጎን ያቆመዋል፤ የፈለጋችሁትን እኔም እፈልገው ነበር፣ ግን አይሆንም እንደማለት። ሐኪሞቹ ይህን በሥልጠና ይለማመዱታል። እኛ ደግሞ ያ የተጠናና የተለካ ቃል ሲነገረን ምርቃት ይመስለናል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ አፋችን ላይ ያለ ነው። «ምነው የሚያድን መድኃኒት በኖረን!» አለቀ። «ምነው» ብሎ የጀመረ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አማርኛ ተናጋሪ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ያውቀዋል። ምነው አባቴ በኖረ፣ ምነው በነገርከኝ፣ ምነው ባልሄድኩ። ሐዘኑም አለበት፣ አለመሆኑም አለበት፣ ተናጋሪው ከእናንተ ጋር መቆሙም አለበት። «አሜን» የሚል አይኖርም።

ሌላም አለ። «አይ ዊሽ»ን ከጻፉት ሐኪሞች ሁለቱ ባክ ከተባለ ሌላ ሐኪም ጋር ሆነው በ2003 እ.ኤ.አ. እዚያው መጽሔት ላይ ለበጎው ተስፋ እያደረጉ ለክፉው ስለ መዘጋጀት ጽፈዋል፤ አባባሉ ራሱ ከእነሱ በፊት የነበረ የድሮ የእንግሊዝኛ ብሂል ነው። ሐሳቡ ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ ይቻላል ነው፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ሆኖም «ለክፉው ተዘጋጁ» የሚለው በአማርኛ ሲሰማ ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያውን ይውጠዋል። «ምን ያሟርታል ይሄ ሰውዬ!» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያንንም ደግሞ መተርጎም ነበረብኝ። ሟርትን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክሩ እስቲ። ቃል ከአፍ ሲወጣ ክፉውን ይጠራል ብሎ ለሚያምን ሰው «ተዘጋጁ» ምክር አይደለም፣ ግብዣ ነው። አንዳንድ ጎበዝ ሐኪም ነገሩ ሲነገረው አካሄዱን ያስተካክላል፤ «ያልጠበቃችሁት ነገር ቢመጣ ማንን እንጥራ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ቤተሰቡ ይመልሳል።

«ዶንት ጌት ዩር ሆፕስ አፕ» የምትለዋም ተመሳሳይ ጣጣ አላት። እንግሊዝኛ ተስፋን በከፍታ ነው የሚለካው፤ ከፍ ይላል፣ ይነሣል፣ ከዚያ ወድቆ ይከሰከሳል። ስለዚህ «ከፍ አታድርገው» የሚልህ ሰው ስትወድቅ እንዳትጎዳ ብሎ ነው፤ ፍቅር ያለበት ማስጠንቀቂያ ነው። በቀጥታ «ተስፋ አታድርግ» ብላችሁ ብትተረጉሙት ግን ሰውየውን ገፍትራችሁ ጣላችሁት። «ገና ነው፣ ብዙ አትጠብቁ፣ ውጤቱ ይምጣ» ማለት ይበቃል።

እግር ኳስ የምትከታተሉ ደግሞ የእንግሊዝ ደጋፊ «ኢትስ ዘ ሆፕ ዛት ኪልስ ዩ» ሲል ሰምታችኋል፤ የሚገድልህ ተስፋው ነው እንደማለት። ትርጉሙ የማይገባው የአርሰናል ደጋፊ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በ2022/23 የውድድር ዘመን አብዛኛውን ጊዜ አንደኛ ሆነው መርተው ዋንጫውን ማንቸስተር ሲቲ ሲወስደው ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ገና ከጅምሩ አሥረኛ የሆነ ቡድን ደጋፊ እንቅልፉን ተኝቷል።

ቃሉ ብቻውን የሚቆምበትም ቦታ አለ፤ የፖለቲካ መድረክ። ቢል ክሊንተን የተወለደባት የአርካንሳስ ከተማ ስሟ ሆፕ ስለሆነ በ1992 የምርጫ ዘመቻው እሷን ደጋግሞ ሲያነሣ ነበር። ሼፐርድ ፌሪ በ2008 የሠራው የኦባማ ፖስተር ላይ ከሥዕሉ በታች አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። ቅጽል የለ፣ ቅድመ ሁኔታ የለ፣ መቼ ተብሎ አልተነገረ። ለፖስተር ይሆናል። ሐኪም እንዲህ ብቻውን ቢናገረው ግን እኔ «ዶክተር፣ ምን ያህል?» ብዬ እጠይቀው ነበር።

ከመድረኩ ይልቅ ዕለት ተዕለት የሚያጋጥመን የመሥሪያ ቤቱ «ሆፕ» ነው፤ እሱ ቀዝቃዛ ነው። ደብዳቤው «ዊ ሆፕ ቱ» ካለ ዕቅድ እንጂ ግዴታ የለበትም። «ዊ ኤክስፔክት ቱ» ካለ ቀን መቁጠር ትችላላችሁ። «ሆፕፉሊ በሚቀጥለው ሳምንት» ያለ ሠራተኛ በሚቀጥለው ሳምንት አላለም። ይህች «ሆፕፉሊ» የሰዋስው ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ስታጨቃጭቅ ኖራ፣ አሶሺዬትድ ፕሬስ በጽሑፍ መመሪያው «ይሆናል ተብሎ ተስፋ ይደረጋል» በሚለው ትርጉሟ የተቀበላት በ2012 ነው። አንዱ ቅሬታ ማን ተስፋ እንደሚያደርግ አይታወቅም የሚል ነበር። ለእኔ ግን መሥሪያ ቤቶች የሚወዷት ለዚሁ ነው፤ ባለቤት የላትም፣ የሚጠየቅባትም ሰው የለም።

«አይ ወዝ ሆፒንግ ዩ ኩድ ሄልፕ ሚ» የምትለዋ፣ «ይረዱኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር» እንደማለት፣ ግን ደስ ትለኛለች፤ ለእኛም ቅርብ ናት። ጊዜው ያለፈ ይመስላል፤ ልመናው ግን የአሁን ነው። ሰውየው እንዳይጨናነቅ ጥያቄውን ወደኋላ መግፋት ነው። እኛስ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር» እንል የለ? ፈልጎ ትቶታል ማለት ነው? ኤልያስ ይሁን ኤልሳቤጥ፣ የመጀመሪያ ሥራውን እዚህ አገር የያዘ አበሻ ሁሉ አለቃው ፊት «አይ ዎንት» ከሚል ይህችን ቢለምዳት ብዙ በር ይከፈትለታል።

እስካሁን የጻፍኩት ከእንግሊዝኛ ወደ እኛ የሚመጣውን ነው። የሚከብደው መልሱ ነው።

ቤተሰቡ ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ ታላቅ ወንድም «እኛ ተስፋ አንቆርጥም» ይላል። ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ «ዊ ዎንት ጊቭ አፕ ሆፕ» ነው፤ አንድም ቃል አልተሳሳተም። ሐኪሙ ግን የሚሰማው «የመተንፈሻ መሣሪያው ይቀጥል፣ የሚቻለው ሁሉ ይደረግ» የሚል ውሳኔ ነው። ወንድምየው ስለ መሣሪያው ምንም አላለም። የእሱ ተስፋ ያለው መሣሪያው ላይ ሳይሆን እግዚአብሔር ላይ ነው፤ መሣሪያው ቢነሣም እንኳ ጸሎቱ አይነሣም። ይህን አለመግባባት ሳይፈቱት ተነጋግረው የሚለያዩ ሰዎች አሉ፤ ሐኪሙ «ቤተሰቡ እውነታውን አልተቀበለም» ብሎ፣ ቤተሰቡም «ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦብናል» ብሎ።

አስተርጓሚ ከራሱ መጨመር አይችልም። የሙያው የሥነ ምግባር ደንብ ግን አንድ ነገር ይፈቅዳል፤ ግልጽ ያልሆነ ነገር ሲኖር ማቆምና ማብራሪያ መጠየቅ። ያን ጊዜ ስለ ራሳችን እንደ ሌላ ሰው እንናገራለን፤ «አስተርጓሚው ማብራሪያ ይጠይቃል» ብለን። ለሐኪሙ «ይህ አነጋገር የሕክምና ውሳኔ ላይሆን ይችላል፣ ቢጠይቋቸው» እላለሁ፤ ለቤተሰቡም ምን እንዳልኩ በአማርኛ እነግራለሁ። የለመደበት ሐኪም «ዋት አር ዩ ሆፒንግ ፎር?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን «ምን ተስፋ ታደርጋላችሁ?» ብዬ አልገለብጠውም፤ «መዳን ነዋ!» ተብሎ ይዘጋል። «ከዚህ በኋላ ምን እንዲሆንላችሁ ነው የምትፈልጉት?» ነው የምለው።

መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ነገር ነው። ቄስ መጥቶ እንዲያቆርባቸው። ሥቃዩ እንዲቀልላቸው። ሬሳው አገር ቤት እንዲገባ። ወይም አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ቪዛ አግኝታ እንድትደርስ፤ ለዚህ ሐኪሙ ለኤምባሲ የሚሆን ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። አስተርጓሚ ስለ ደብዳቤ አይመክርምና ይህን እዚሁ እንደ ወገን ልንገራችሁ፦ ረቂቁን ስታዩት «ዊ ሆፕ» የሚል ካለበት ሐኪሙን «ሪክዌስት» አድርገው እንዲቀይሩላችሁ ለምኗቸው፤ የታካሚው ሁኔታና ቀኑም ቁልጭ ብሎ ይጻፍ።