“ባናው አለ?”

ዛሬ ስለ ፍቅር አይደለም የማወራችሁ፤ ስለ ብርድ ልብስ ነው። “ይቺ ልጅ ወሬ አለቀባት” እንዳትሉኝ። በብርድ ልብሱ ውስጥ ውሸት አለበት፤ ውሸቱም የራሴ ነው።

12ኛን ጨርሼ፣ ውጤትም ሳይመጣልኝ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ስነሳ አያቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ ወርደው ጎንደር መነኻሪያ ላይ አንድ ጥቅል አስታቀፉኝ። ባና ነው። ፀጉሩ ከራሳቸው በጎች የተሸለተ፣ በራሳቸው እጅ የተፈተለ፣ በመንደሩ ሸማኔ የተሠራ። መልኩ ጥቁር ሆኖ በሁለቱም ዳር ነጭ መስመር አለው። “አዲስ አበባ ብርድ ነው አሉ” አሉኝ። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው የአዲስ አበባን ብርድ ሲፈራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ኮተቤ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየን። ክረምት ገባ፣ ጣራው አፈሰሰ፣ ባናው ረጠበና የበግ ሽታው ቤቱን ሞላው። “እንዴ! በግ አስገብተሻል እንዴ?” ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሳምንቱ ባናውን ለግቢያችን ዘበኛ ሰጠሁና ነብር የተሳለበት የቻይና ብርድ ልብስ ገዛሁ። (ያ ነብር በስንቶቻችሁ አልጋ ላይ ተጋድሞ እንዳለ አውቃለሁ!)

ከዚያ ወዲህ እምዬ በደወሉ ቁጥር ሰላምታው ሳያልቅ “ባናው አለ?” ይሉኛል። “አለ፣ እምዬ።” ብዙ ዓመት ሙሉ “አለ” ስል ኖርኩላችሁ።

ባለፈው ጥር መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ጠብቄ ለጥምቀት ጎንደር ሄድኩ። (እናንተም ለመሄድ ስታስቡ አስቀድማችሁ ስለ መንገዱ ጠይቁ።) ተንኮሌ እንዲህ ነበር፦ ከገበያ ያንኑ የሚመስል ባና እገዛና “ይኸውላችሁ፣ አለ” ብዬ ይዤ እወጣለሁ። አንዱ ነጋዴ “ንጹሕ የበግ ፀጉር ነው” ብሎ ማለልኝ። የመንደር ልጅነቴ ትዝ አለኝና ከዳሩ አንዲት ክር መዝዤ በክብሪት ለኮስኳት። እዚህ ላይ ለገዢዎች ምክር ይሁናችሁ፤ እውነተኛ የበግ ፀጉር ሲቃጠል የተቃጠለ ጠጉር ይሸትታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የፋብሪካ ላስቲክ ከሆነ ግን ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። የኔይቱ ቀለጠች። ነጋዴው ፊቱን አዞረ፤ እኔም ባዶ እጄን ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከከተማው እንደወጣችሁ የምታገኟት ወለቃ ናት። ቤተ እስራኤላውያን ሸክላ የሚሠሩባት፣ ብረት የሚቀጠቅጡባት፣ የሚሸምኑባት መንደር ነበረች። በ1977 እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ የአገራችን ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ አብሯቸው የሄደውን የእጅ ሙያ ማን እንደቆጠረው እንጃ። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ኮሶዬ ላይ ከጥግ የተቀመጠ ሰው ገደሉን እያየ ያማትባል። 3,000 ሜትር ወደሚጠጋው ከፍታ ስትደርሱ ገብስና ባቄላ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው ... ያኔ ወገራ ገባችሁ ማለት ነው። ብርዱን ልግለጽላችሁ ብል ቃል የለኝም። ጥርሴ ለራሱ ያወራ ነበር።

እምዬ አገላብጠው ሳሙኝ። እጄን አዩ፣ ሻንጣዬን አዩ፤ ምንም አላሉም። ማታ የራሳቸውን ባና አለበሱኝ። ጭስና በግ፣ በግና ጭስ ይሸታል። መብራቱ ሲጠፋ “ባናው አለ?” አሉኝ።

ጨለማ ደግ ነው። “የለም፣ እምዬ። ለዘበኛ ሰጠሁት” አልኳቸው። ለምን እንደሰጠሁትም ተናገርኩ፤ የልጆቹን ሳቅም፣ የራሴንም ሳቅ።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እንቅልፍ ወሰዳቸው ብዬ ሳስብ፦

“ዘበኛው ይሞቀዋል?”

“አላውቅም።”

“ጠይቂልኝ” ብለው ዞረው ተኙ።

በማግስቱ “ሌላ ባና ትፈልጊያለሽ?” ሲሉኝ እንደ ሕፃን “አዎ!” አልኩ። “እንግዲያው ፍተይው። የኔ ጣት እምቢ ብሏል” አሉና የታጠበ የበግ ፀጉር የሞላ ጆንያ ከፊቴ ዘረገፉልኝ። ሥራውን እንደምነግራችሁ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በጉ ተሸልቶ ፀጉሩ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ እሾሁና ጭቅቅቱ በጣት አንድ በአንድ ይለቀማል። (ግማሽ ቀን ለቅሜ አንዲት እፍኝ የምታህል አወጣሁ።) ቀጥሎ ደጋን ነው፤ ጅማቱን እየመቱ ፀጉሩን ይነድፉታል። ድው፣ ድው፣ ድው ... ድፍን ቋጠሮ የነበረው ነገር እንደ ጉም ተነፍቶ ይነሳል። እሱ እየተጠቀለለ አመልማሎ ይሆናል፤ አመልማሎው ወደ እንዝርት ይሄዳል።

እንዝርቷን ጭናቸው ላይ ሽው ሲያደርጓት ትሾራለች፣ ክሩ ከጣታቸው እንደ ወተት ይፈስሳል። እኔ ሽው ሳደርጋት ክሩ ብጥስ! ቀጠልኩ፤ ብጥስ! “አትጎትችው፣ ራሱ ይምጣ እንጅ” ይሉኛል። የጎረቤት ልጆች በር ላይ ተሰብስበው ሳቁብኝ። ያ ሳቅ ግን አልከፋኝም።

ቀለሙስ? ብዬ ጠየቅኋቸው። “ቀለሙን በጉ ይዞት ይወለዳል” አሉኝ። ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ቡናማው ከቡናማ፣ መስመሩ ከነጭ። ለዚህ ነው የገበያው ሁሉ መልክ ከእምዬ ባና ጋር አልገጥም ያለኝ። የአንድ በግ ፀጉር ብቻውን ምንም አይሆንም፤ ለአንድ ባና የስድስት የሰባቱን ያጠራቅማሉ። የደጋችን በግ ፀጉር ሻካራ ነው፤ በውጭ አገር ለስላሳ ሹራብ እንደሚሠራበት እንደ መሪኖ በግ አይደለም። ኪሮሽና ሹራብ የምትሠሩ እህቶቼ ለገላ ሹራብ ብላችሁ እንዳትሞክሩት፣ ያሳክካል። ለኮፍያ ግን ወንድ ነው! ከዚያው መንገድ ላይ ወደ ስሜን ተራሮች ስትወጡ እረኞቹ ራሳቸው የሠሩትን የፀጉር ኮፍያ ለቱሪስት ይሸጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ሸማኔው ዘንድ ወሰዱኝ። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ይልካሉ። ባናው ተሠርቶ ሲወርድ ገና አላለቀም። ሞቅ ያለ ውኃ እያፈሰሱ በእግር ይረግጡታል። የበግ ፀጉር ላዩ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፤ ሙቀትና እርግጫ ሲያገኘው ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና ጨርቁ ተኮማትሮ ይጠብቃል። ነፋስ የማያስገባው ለዚህ ነው። ባና ያላችሁ ሰዎች ታዲያ ፍል ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ አትሹትም፤ የአልጋ የነበረው የሕፃን መታቀፊያ ሆኖ ይወጣላችኋል። ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ አራግፉት፤ ብልም እንዳይበላው።

“ልጆችዎ ይሠራሉ፣ ጋሼ?” አልኳቸው። “ኧረ ምን ሲባል! ‘ቁጢት በጣሽ መባል ላንተ ይብቃህ’ ብለውኛል” አሉ፤ መወርወሪያውን ሳያቆሙ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ይህችው የሸማኔ ስድብ በአዋጁ ውስጥ ከተነሱት አንዷ ናት። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም አለች። የኮተቤዋ “በግ አስገብተሻል”ም የዚችው ዘመድ ሳትሆን አትቀርም።

ሸማኔው የፈተልኳትን ልቃቂት አገላብጠው አዩዋት። አንዱ ቦታ እንደ ገመድ ወፍራም፣ አንዱ ቦታ እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን። ሳቁን ዋጡት መሰለኝ። “ለድር አትሆንም፤ ለማግ ግን ትሆናለች። አሥራ አምስት ስታደርሻት አምጫት” አሉኝ።

ጆንያውንና እንዝርቷን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች “ደግሞ በግ ይዘሽ መጣሽ?” አሉ። “አዎ፣ ስድስት ሰባት ይሆናሉ” አልኳቸው። (አንደኛዋ አሁን እሾህ ትለቅምልኛለች፤ ቴሌቪዥን እያየች ነው እንጂ ብትለቅምም።)

ዘበኛውን ፈልጌ አገኘሁት። ሌላ ግቢ ተቀጥሯል። ስለ ባናው ስጠይቀው ልቀበለው የመጣሁ መስሎት ደነገጠ። “ለእናቴ ላክሁት” አለኝ። “ወገቧን ያማታል። እሱን ካገኘች ወዲህ ‘ሌሊት እተኛለሁ’ ትላለች።”

ማታውኑ ለእምዬ ደወልኩ። ዘበኛውን ሳይሆን እናቱን እንደሚሞቃቸው ነገርኳቸው። “እሰይ!” አሉ። ትንሽ ቆይተው፦

“አንችስ፣ ስንተኛዋ ልቃቂት ላይ ደረስሽ?”

“ሦስተኛዋን ጨረስኩ፣ እምዬ።”

“ይኸስ እውነት ነው?”

ነብሩ ላይ የተቀመጠውን ቅርጫት አየሁት። ሁለት ተኩል ነበር።