ሦስትና አራት አምስት የኾኑበት ቀን

አንባቢ ሆይ፤ በቅኔ ቤት ያደግኹ የቅኔ መምህር ስለ ፊዚክስ ብዕር ማንሣቴ ሳያስደንቅ አይቀርም። ዳሩ ግን ነገሩ ከቤቴ የገባ ስለ ኾነ ዝም ልለው አልተቻለኝም።

የእኅቴ የልጅ ልጅ ከእኔ ዘንድ በቡኢ ከተማ ይኖራል። በማለዳ ከካህናቱ ጋራ ኪዳን አድርሶ፥ ቀን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይኼዳል፤ ማታ ማታ ከእኔ ዘንድ ቅኔ ይቈጥራል። ጉባኤ ቃናውንና ዘአምላኪየውን አልፎ ከሚበዝኁ ላይ ደርሷል። አንድ ማታ ደብተሩን ወዲያ ጥሎ፦ «የኔታ፤ ይህ ቬክተር የሚሉት ነገር ፈጽሞ አልገባኝ አለ። ትምህርት ቤቱን ትቼ ዐባይን ልሻገርና ቅኔዬን ልማር» አለኝ።

ያዘንኹ መስዬ ገሠጽኹት። በልቤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። የዋሸራን ቤት ቅኔ የማወርሰው ልጅ አጥቼ ስጨነቅ የኖርኹ ሰው ነኝና፥ እግዚአብሔር ራሱ ያመጣልኝ መሰለኝ።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዓል በምድረ ከብድ ገዳም አክብሬ ተመለስኹና፥ በማግስቱ የመሸኛ ወረቀቱን ላወጣለት ወደ ትምህርት ቤቱ ኼድኹ። ማመልከቻውን በገዛ እጄ ጽፌ ከጋቢዬ ሥር ይዤው ነበር።

ከክፍሉ ብደርስ ባዶ ነው። ልጆቹ ኹሉ ከሜዳ ላይ ገመድ ይዘው ይጯጯኻሉ። መምህርቷ ወጣት ሴት ናት። «ልጄ፤ ጨዋታም ትምህርት ኾነ እንዴ?» ብላት፥ ጐንበስ ብላ እጅ ነሥታ፦ «የኔታ፤ ጥቂት ይታገሡንና ይፍረዱ» አለችና ከዛፍ ጥላ ሥር ወንበር አስመጣችልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሦስት የቃጫ ገመዶች ታስረዋል፤ ይኸውም ቃጫ ከዚያው ከአገሩ እንሰት የተፋቀ ነው። በየገመዱ መካከል እህል ነጋዴዎች ጆንያ የሚመዝኑበት ባለ ሞላ ሚዛን ገብቶበታል። ከመሬቱም ላይ በዐመድ አንዲት ነጥብ ተደርጋለች። አንዱ ቡድን ወደ ምሥራቅ ሚዛኑ 30 ኪሎ እስኪያሳይ ይስባል፤ ኹለተኛው ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ይስባል። ሦስተኛው ቡድን የት እንደሚቆምና ምን ያህል እንደሚስብ ራሱ ፈልጎ፥ ቀለበቱን ከነጥቧ ላይ ጸጥ አድርጎ ማቆም አለበት። ልጄ ከሦስተኛው ቡድን ነበረ።

እኔም ባሕረ ሐሳብ ያስተማርኹ ሰው ስለ ኾንኹ በልቤ ቈጠርኹት፤ ሠላሳና አርባ ሰባ ነው። ልጆቹም እንደ እኔ ቈጥረው ኖሮ፥ ከኹለቱ ቡድኖች ትይዩ በመካከል ቆመው ሚዛኑን ወደ ሰባ ቢያደርሱት፥ ቀለበቱ ተወርውሮ ወደ እነርሱ መጣና ኹሉም በጀርባቸው ተዘረሩ። ሜዳው በሣቅ ተናወጠ፤ እኔም ሣቅኹ፤ ኋላ ግን በራሴ ላይ እንደ ሣቅኹ ዐወቅኹ።

መምህርቷ ግን አልነገረቻቸውም። ይህ ነው የገረመኝ። ተነሥተው ቀነሱ፤ 50 ላይ ቢያደርሱት ቀለበቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሸሸባቸው። ተከራከሩ። ያን ጊዜ ልጄ ገመዱን ይዞ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ደቡብ ተሻገረ፥ ጓደኞቹም ተከተሉት። ቀለበቱ እየተጐተተ መጥቶ ከነጥቧ ላይ ቆመ። ሚዛኑን ቢያነቡት 50 ነው።

ከዚያ በኋላ በዐመድ ሣለችላቸው፤ አንዱ ጐን ሦስት፥ አንዱ ጐን አራት፥ አገናኛቸው አምስት። መጠን ብቻውን አይበቃም፤ ወዴት እንደሚስብ ካልታወቀ ድምሩ አይታወቅም አለች። ቬክተር የሚለውም ቃል በላቲን ተሸካሚ ማለት እንደ ኾነ፥ ስያሜውንም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1840ዎቹ ሃሚልተን የተባለ የአየርላንድ ሊቅ ለዚህ ነገር እንደ ሰጠው ነገረቻቸው። ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል፤ የፍላንደሩ ስቴቪን በ1586፥ ኒውተንም በ1687 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ጽፈውታል።

እኔ ግን ስለ ስቴቪን ሳይኾን ስለ መምህሬ አስብ ነበር። በጫካ ውስጥ ስባዝን ውዬ ያመጣኹትን ቅኔ ሰምተው «አይኾንም፤ ኺድ» ይሉኝ ነበር እንጂ፥ የጐደለውን ቃል አንድ ቀን አልሰጡኝም። ሰባት ቀን የተመላለስኹበት ቅኔ አለኝ። ያንን ትምህርት ስለው፥ ይህንን ጨዋታ ማለቴ አሳፈረኝ። በእውነቱ ደግሞ ካፈርኹበት ይልቅ የፈራኹት ይበልጣል፤ የልጁን ፊት አይቻለኹና። እንዲህ ያለ ፊት ከእኔ ጉባኤ ላይ ያየኹበት ጊዜ የለም።

መምህርቷ መጥታ «የኔታ፤ ምን ልታዘዝ?» ብትለኝ፥ ልጁን ልጠይቅ ነው የመጣኹት ብያት ተመለስኹ። መዋሸቴን ለንስሓ አባቴ ተናግሬያለኹ።

ማታ መዳፉ በቃጫው ተልጦ መጣ። ለብ ባለ ውሃ ሳጥብለት፦ «የኔታ፤ አራተኛ ገመድ ቢጨመርስ?» አለኝ። «ሣልልኝና ልየው» አልኹት። ከቤት ወረቀት ስላልነበረ ማመልከቻውን አውጥቼ በጀርባው ሰጠኹት፤ እስከ እኩለ ሌሊት መሥመር ስናሰምር ቈየን። ሚበዝኁውን ግን እስከ ዛሬ አልጨረሰልኝም።