21 ቀን በበርሜል



በዚህ ጋዜጣችን ላይ ስለ ጥናት፣ ስለ ፈተናና ስለ ዶርም ሕይወት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ስለ ዓሣ ልጻፍ፤ ያውም ስለ ታመመ ዓሣ።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ኮምቦልቻ አካባቢ ነው። ከጓሯችን ዝቅ ብሎ አባቴ ከመስኖው ቦይ አጠገብ ያስቆፈረው፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ገደማ የሚደርስ ኩሬ አለ። ውስጡ ወደ 200 የሚጠጉ ቆሮሶዎች አሉ፤ ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ ማለቴ ነው። ኩሬውን ያስቆፈረው አባቴ ቢሆንም ባለቤቷ እናቴ ናት ማለት ይቻላል። ፉርሽካና ፋጉሎ የምትመግበው እሷ ናት። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብም የታናሽ እህቴ ደብተርና ዩኒፎርም ይሆናል።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤት ሳለሁ ሰማዩ ለሦስት ቀን በደመና ተሸፍኖ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ከፈጅር በኋላ ወደ ኩሬው ስወርድ ዓሦቹ ውሃው ገጽ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሁለቱ ግን ከሌሎቹ ተነጥለው ጥግ ይዘዋል። ክንፋቸውን ከሰውነታቸው ጋር አጣብቀዋል። የአንደኛው ጎን ቆስሎ፣ ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ በቅሎበታል።

አባቴ «አውጥተህ ጣላቸው፤ የሁለት ዓሣ ነገር ምን ያስጨንቃል?» አለ። እናቴ ደግሞ «ቢድኑስ? ደግሞስ ሌሎቹን ቢይዝብንስ?» አለች። ሁለቱም ጥያቄዎቿ ትክክል ነበሩ።

መጀመሪያ ስለ ንጋቱ ላስረዳ። ውሃ ውስጥ ያለው አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይጠቀማል። ስለዚህ በኩሬ ውስጥ ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ልክ ሊነጋ ሲል ነው። ደመናው ሲደጋገም ቀን የሚመረተውም ስለሚቀንስ ችግሩ ይብሳል። በዚያ ላይ የእኛ አገር ከፍታ አለ። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ግን 7 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ለሁለት ቀን መኖ አቆምን፤ የቦዩንም ውሃ ከከፍታ እየወደቀ እንዲገባ አደረግን። አንድ ዓሣ ሲታመም መጀመሪያ የሚመረመረው ውሃው ነውና።

ከዚያ ወደ ሁለቱ። በመድረሳ ስንማር የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኞቹ ላይ እንዳያመጣቸው ነቢያችን ﷺ መከልከላቸውን ሰምተናል። በትምህርት ቤት ባዮሎጂም ያንኑ በሌላ ቋንቋ ተምረናል። ውሃ ማጠራቀሚያ የነበረውን ባለ 200 ሊትር ሰማያዊ በርሜል አጥበን ጥላ ሥር አስቀመጥነውና 150 ሊትር ሞላንበት። የሞላነው ከራሱ ከኩሬው ነው፤ የሙቀት ድንገተኛ ለውጥ ለደከመ ዓሣ ሌላ በሽታ ነው። ዓሦቹን ያወጣኋቸው እጄን አርጥቤ ነው፤ ደረቅ እጅ ቆዳቸውን ከጀርም የሚጠብቀውን ልጋግ ይልጠዋል። የተጨነቀ ዓሣ ስለሚዘልም በርሜሉን በመረብ ሸፈንን።

የአየር ፓምፕ ስላልነበረን ሥሩ የተበሳሳ ባልዲ ከበርሜሉ በላይ ሰቀልኩ። እህቴ ከበርሜሉ በጆግ እየቀዳች ትጨምርበታለች፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ሲመለስ አየር ይዞ ይገባል። መብራት ቢጠፋም የማይቆም ማሽን!

ቀጥሎ ጨው። የጨው አልባ ውሃ ዓሣ ደሙ ከሚኖርበት ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ውሃ ያለማቋረጥ ወደ ሰውነቱ ይገባል፣ እሱም ያለማቋረጥ እየሸና ያስወጣዋል። ሲቆስልና ሲጨነቅ ይህ ሥራ ይከብደዋል። ውሃው ውስጥ ትንሽ ጨው ሲኖር ሸክሙ ይቀልለታል። በሊትር 2 ግራም ሂሳብ ለ150 ሊትር 300 ግራም ሆነ። ቀድመን በውሃ አሟሟነውና በአንድ ቀን ውስጥ ከፋፍለን ጨመርን።

እዚህ ላይ አንድ ሂሳብ አለ። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። በርሜሉ እንደ ኩሬው ይህን የሚያጣሩ ባክቴሪያዎች ስለሌሉት በየቀኑ 50 ሊትር እንቀይር ነበር። 50 ሊትር ሲወጣ 100 ግራም ጨው አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ የሚመለሰው 100 ግራም ብቻ ነው። በትነት የጎደለውን ስንተካ ግን ጨው አንጨምርም፤ ጨው አይተንምና። የቧንቧ ውሃ ስንጠቀም ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ሙሉ ባልዲ ውስጥ ክፍት አስቀምጠን ነው። የበርሜሉ መረብና ጆግ ኩሬው ጋ አይደርሱም። ሁልጊዜ ከኩሬው ጀምረን በበርሜሉ እንጨርሳለን፤ ከዚያም እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን።

አንድ ጎረቤታችን የሰው አንቲባዮቲክ ካፕሱል ፈልቅቀን እንድንበትንበት መከሩን። ነገር ግን ሻጋታን አንቲባዮቲክ አይገድለውም። ያለ ምርመራ የተሰጠ መድኃኒት ጀርሙን ያለማምዳል፤ ዓሣው ነገ ከተበላም መድኃኒቱ ወደ ሰው ሊደርስ ይችላል። በአክብሮት አመስግነን ተውነው።

የቆሰለው በ6ኛው ቀን ሞተ። ወደ ቦዩ አልጣልነውም፤ ከታች ያሉት ሰዎችም ኩሬ አላቸው። ራቅ አድርገን ቀበርነው። ሁለተኛው በ4ኛው ቀን ክንፉን ዘርግቶ ነበር፤ በ8ኛው ቀን ፉርሽካ ቀመሰ። በመጨረሻው ሳምንት ጨው ሳንጨምር እየቀየርን ውሃውን ወደ ቀድሞው መለስነው። በ21ኛው ቀን ወደ ኩሬው ገባ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ እናቴ አዲስ ጫጩት ዓሣ ስትገዛም ጤነኛ ቢመስል እንኳ መጀመሪያ ሦስት ሳምንት በርሜሉ ውስጥ ታቆየዋለች።

ወደ ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ብዙ ያሰብኩት መለየትና መጣል ስለሚለያዩበት ነገር ነው። ያ ዓሣ 21 ቀን ብቻውን ቢሆንም በቀን አሥር ጊዜ የሚጎበኘው ነበረው። ዶርም ውስጥ ኃይለኛ ጉንፋን የያዘው ልጅ ራቅ ብሎ መተኛቱ ለሁላችንም ይበጃል፤ ሻይ የሚያደርስለት ከሌለ ግን ተጣለ እንጂ ተለየ አይባልም። ከጀመዓው ቀስ በቀስ የጠፋ፣ ካፌ መምጣት የተወ ጓደኛ ካለንም «ምን ሆኖ ነው?» ከማለታችን በፊት ያለበትን ውሃ እንመልከት፦ የገንዘብ ችግር ይሆን? የቤት ሐሳብ? ወይስ የፈተና ውጤት?

ቤተሰቦቻችሁ ኩሬ ያላቸው ደግሞ ለእረፍት ስትሄዱ በንጋት አንድ ጊዜ ውረዱና ዓሦቹን ተመልከቱ። ንጹሕ በርሜል፣ መረብና 300 ግራም ጨው አስቀድሞ ቢዘጋጅ ወጪው ትንሽ ነው።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።