ስምና ግብር

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ይህ ስለ ሰው ስም የተነገረ ነው፤ የዕቃን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለቱም ዓይነት ስሞች ተሳሳትሁ። የዕቃውን ስም ሳልመረምር አመንሁት፤ የሰውን ስም ሳልመረምር አጠፋሁት። ነገሩ የተጀመረው በአንድ ጣሳ የሞተር ዘይት ስለ ሆነ ምናልባት ለምክር የማይበቃ ተራ ወሬ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የሰው ጠባይ የሚታወቀው በትልቅ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ከገበያ በሚመርጠው ትንሽ ዕቃም ጭምር ነውና፥ ያደረግሁትን ሳልሸሽግ ልጽፈው ወሰንሁ።

ሱሉልታ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በጎጃም መንገድ፥ ቡራዩ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ፥ ሰበታ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። እኔ ከሱሉልታ ገበሬዎች ወተት እየተቀበልሁ ማለዳ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ የምልክባት አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ነበረችኝ። መኪናዪቱ የምትጠገነው ቡራዩ ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ ነበር። ሾፌሬ ደግሞ የሰበታ ልጅ ነበር።

ይህ ሾፌር ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን መኪናዪቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃት ነበር። ጧት ጧት የዘይቱን መለኪያ መዝዞ ሳያይ ቁልፍ አያዞርም። 5000 ኪሎ ሜትር በሞላ ቁጥር «ጋሼ፥ የዘይት ጊዜ ደርሷል» እያለ ያሳስበኝ ነበር።

አንድ ቀን ዘይት ልንገዛ አብረን ሄድን። ከመደርደሪያው ላይ ስሙ በዓለም ሁሉ የታወቀ፥ ጣሳው እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ዘይት አየሁ። ዋጋውም ሁልጊዜ ከምንገዛው ያነሰ ነበር። እንዲህ ያለ ስም በዚህ ዋጋ በመገኘቱ ደስ ብሎኝ ገንዘቤን ሳወጣ፥ ሾፌሬ ጣሳውን አገላብጦ አየና «ጋሼ፥ ይኼ የእኛ አይደለም። የእኛው ላይ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለች ፊደል አለች» አለኝ፤ በጣቱም በአየር ላይ ግማሽ ክብ ሠርቶ አሳየኝ።

እኔም በነጋዴው ፊት የታረምሁ መስሎ ስለ ተሰማኝ ተቈጣሁ። «ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አልሁት። እርሱም ዝም አለ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ልብ አድርግ! ማንበብ እችላለሁ ብዬ የተመካሁት ሰውዬ ከዚያ ጣሳ ላይ ያነበብሁት በትልልቁ የተጻፈውን ስም ብቻ ነበር። ማንበብ የማይችለው ግን ትንሿን ፊደል አይቷት ነበር።

ከዚያ በኋላ 5000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ እንደ ልማዱ አሳሰበኝ። «እንዲህ ያለ ስም ያለው ዘይት ቶሎ አይበላሽም፤ ይቈይ» አልሁት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ከለከልሁት። ወደ 10000 ኪሎ ሜትር በተቃረበ ጊዜ፥ አንድ ማለዳ ወተት ጭና ከሱሉልታ ወጥታ የእንጦጦን ትከሻ ሳታልፍ የዘይቱ ቀይ መብራት በራ፤ ሞተሩም እንደ መዶሻ ይንኳኳ ጀመር። ሾፌሬ ወዲያው ቢያጠፋውም ጉዳቱ ደርሶ ነበር። የሚጎትት መኪና እስኪመጣ ፀሐዩ ጠነከረ፥ ወተቱም ተበላሸ። የገበሬዎቹን ሒሳብ ከኪሴ ከፈልሁ።

ሰው ገንዘቡ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚፈልገው ምክንያቱን ሳይሆን ጥፋተኛውን ነው። እኔም ጥፋተኛ ፈለግሁ፤ ከአጠገቤም አገኘሁ። «ያን የመሰለ ዘይት ሸጠህ በምትኩ የማይረባ ጨምረህበታል» አልሁት። ማስረጃ አልነበረኝም፤ የነበረኝ በጣሳው ስም ላይ ያለኝ እምነት ብቻ ነው። ዘይቱ ስሙ ትልቅ ስለ ሆነ ሊበድል አይችልም፤ ሾፌሩ ግን ድኻ ስለ ሆነ ሊሰርቅ ይችላል፤ አስተያየቴ ይህ ነበር። የአንድ ወር ደመወዙን ከልክዬ አሰናበትሁት። ይህም አልበቃ ብሎኝ፥ ወተት ለሚያመላልሱ ሌሎች ባለ መኪናዎች «ከእርሱ ተጠንቀቁ» ብዬ በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነገርኋቸው።

መኪናዪቱ ተጎትታ ቡራዩ ገባች፤ ሞተሩም ወረደ። መካኒኩ እጁ እስከ ክርኑ የጠቈረ፥ በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው ነው። የፒስተኑን ፋሻዎች አሳየኝ፤ በካርቦን ተጣብቀዋል። ብሮንዚናውን አሳየኝ፤ ተፍቆ አልቋል። ፊልትሮውን ቈርጦ ከፈተው፤ ውስጡ በጥቁር ጭቃ ተሞልቷል። «ፊልትሮ ሲዘጋ፥ ሞተሩ ጨርሶ ዘይት እንዳያጣ ሲባል በሌላ በር ያሳልፋል፤ ያን ጊዜ እድፉ ሳይጣራ ይዞራል» ብሎ አስረዳኝ። እኔም ሾፌሩ ዘይቱን እንደ ለወጠው ነገርሁት።

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና ከመደርደሪያው ሥር ብሎን የሞላበት አንድ ጣሳ አወጣ። ብሎኑን ደፍቶ ጣሳውን በእጄ አስያዘኝ። ያ የሚያብለጨልጨው ጣሳ ነበር። «ወንድሜ፥ ዘይቱን የቀየርሁት እኔ ነኝ። ማሸጊያው የተከፈተው እዚሁ በፊቴ ነው። ‹ይህ የናፍጣ አይደለም› ብለው ‹ጋሼ ያዘዙት ነው› አለኝ። ባለቤቱ ካዘዘ ምን አገባኝ ብዬ ዝም በማለቴ እኔም አጥፍቻለሁ» አለኝ። ከዚያም በጥቁር ጣቱ አንዲት ትንሽ መስመር አመለከተኝ። «ኤስ.ኤፍ» ትላለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሳውን አነበብሁት።

የጣሳውን ፊደል ያላወቅሁት እኔ ብቻ አይደለሁምና ከመካኒኩ የሰማሁትንና በኋላ ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ባጭሩ ልግለጽ። ከዘይት ጣሳ ላይ ከስሙ ሌላ ሁለት ነገር ይጻፋል። አንደኛው የውፍረቱ መለኪያ ነው፤ ይህንም የደነገገው በ1905 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ነው። «15ደብልዩ-40» ሲል፥ የመጀመሪያው ቍጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፥ ሁለተኛው በ100 ዲግሪ ሙቀት ምን ያህል ውፍረት እንደሚይዝ ያመለክታል። «ደብልዩ» ክረምት ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ፊደል ነው። ይህ ዓይነቱ ዘይት ከሱሉልታ የኅዳር ውርጭ እጅግ የባሰ ብርድ ይችላል፤ የመንገዱንም ዳገት ሙቀት ይችላል።

ሁለተኛው ጽሑፍ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ያወጣው መለያ ነው። «ኤስ» ብሎ የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር፥ «ሲ» ብሎ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ሾፌሬ እንደ ጨረቃ የጎበጠች ያላት «ሲ»ን ኖሯል! ቀጥሎ ያለው ፊደል ደረጃውን ያሳያል፤ ሲ.ኤች-4 በ1998፥ ሲ.አይ-4 በ2002፥ ሲ.ኬ-4 በ2016 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። የእኔ ጣሳ ኤስ.ኤፍ ግን በ1980ዎቹ ለተሠሩ የቤንዚን መኪናዎች የተወሰነ ነበር። ዘይቱ ሐሰተኛ አልነበረም፤ ለተፈጠረለት ሥራ የታመነ ነው። ያለ ሥራው የሾምሁት እኔ ነኝ። የአምራቹንም ስም የማላነሣው ስለዚህ ነው።

የናፍጣ ሞተር ለምን የራሱ ዘይት አስፈለገው? ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ያሳየው ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይነሣም። አየሩን ወደ አሥራ አምስተኛ ወይም ወደ ሃያኛ እጁ አምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣውም በዚያ ትኩሳት ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። በዚህም ጊዜ ብዙ ጥላሸት ይወጣል፥ ከፊሉም ወደ ዘይቱ ይገባል። ናፍጣው ሰልፈር ካለበት ደግሞ አሲድ ይፈጠራል። የናፍጣ ዘይት ጥላሸቱን በትኖ የሚሸከም፥ አሲዱንም የሚያበርድ ቅመም በብዛት ይጨመርበታል። በአገራችን ደጋ ይህ ችግር ይብሳል። ከ2500 ሜትር በላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ አየር ገፍቶ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ጢሱ ይበዛል፤ ጥላሸቱም እንዲሁ።

ብዙ ሰው የናፍጣ ዘይት በጥቂት ቀን ሲጠቍር አይቶ «መጥፎ ዘይት ነው» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ልብስ ያጠበ ውሃ እንደሚደፈርስ፥ እድፉን ከሞተሩ አንሥቶ የተሸከመ ዘይትም ይጠቍራል። ጥቍረቱ የሥራው ምስክር ነው። የሚያስፈራው ሳይጠቍር የሚቈየው፥ ወይም ጠቍሮ ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደ እኔው ስግብግብ የሆነ ባለቤት «ይቈይ» የሚለው ነው።

እንግዲህ የትኛው ስም ይሻላል? የሼል ሪሙላ፥ የሞቢል ዴልቫክ፥ በ2021 እ.ኤ.አ. ቶታል ኤነርጂስ የተባለው የቶታል ሩቢያ ለናፍጣ ሞተር የተሠሩ የታወቁ ዘይቶች ናቸው። ነገር ግን እነዚሁ ኩባንያዎች ለቤንዚን መኪና የሚሆነውንም ይሠራሉና፥ የኩባንያው ስም ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያ የመኪናው መጽሐፍ የሚያዘውን ውፍረትና ደረጃ እይ። ቀጥለህ በጣሳው ላይ ትንሹን ጽሑፍ አንብብ። ከዚያ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን መርምር፤ ነገ ብትመለስ ከምታገኘው ነጋዴም ግዛ። በስምና በዋጋ የምታማርጠው ይህን ሁሉ ካሟሉት መካከል ነው። የቀን ገደቡንም ጠብቅ፤ አቧራ፥ ዳገትና ጭነት ለሚበዛበት መኪና አምራቾቹ ራሳቸው ገደቡ እንዲያጥር ይመክራሉ። በጊዜው የተቀየረ መካከለኛ ዘይት ጊዜው ካለፈበት ምርጥ ዘይት ይበልጣል።

የዘይቱ ነገር በዚህ አለቀ፤ የሰውየው ግን አላለቀም። በሚቀጥለው እሑድ ደመወዙን በፖስታ ይዤ ወደ ሰበታ ሄድሁ። ሾፌሬን ከእናቱ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ሦስት ወር ሙሉ ሥራ አላገኘም፤ የጠየቃቸው ባለ መኪናዎች ሁሉ የእኔን ወሬ ሰምተው ነበር። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ዓይኑን ወደ ምድር ጥሎ «እግዜር ይስጥልኝ፥ ጋሼ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረ። እናቱ ግን ቡናውን ቀድተው ከሰጡኝ በኋላ ፖስታውን አዩና «ደመወዙን አመጡለት፤ ስሙንስ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ያን ወሬ የነገርኋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ መፈለግ ጀመርሁ። ሱሉልታ ያሉትን አገኘሁ፤ አንዳንዶቹ በሌላ ከተማ ለሌሎች ነግረው ስለ ነበር እነዚያንም ተከተልሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ የዘራሁትን ለመልቀም ከሁለት ወር በላይ ፈጀብኝ። አንዱ አመነኝ፤ አንዱ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገህ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ፤ አንዱን ከነጭራሹ አላገኘሁትም። የሞተሩን ብሮንዚናና ፋሻ በገንዘብ ገዝቼ ለውጫለሁ፤ የዚያን ሰው ጆሮ ግን ልለውጠው አልቻልሁም። ሾፌሬ ሰበታ ውስጥ ሥራ አገኘ እንጂ ወደ እኔ አልተመለሰም። አልፈርድበትም።

ወጣቶች ሆይ፥ እናንተ ከአባቶቻችሁ ይልቅ ፊደል ቈጥራችኋል፤ ይህም ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ፊደል መቍጠርና ማንበብ አንድ አይደሉም። ያነበበ ሰው ማለት ትልቁን ጽሑፍ አይቶ የሚደነቅ ሳይሆን ትንሹን ጽሑፍ ጎንበስ ብሎ የሚመረምር ነው። ያልተማረ ሰው «ይህ ልክ አይደለም» ቢላችሁ ከመቈጣታችሁ በፊት ጣሳውን አገላብጡት። ነገር በተበላሸባችሁም ጊዜ፥ የሌላውን እጅ ከመያዛችሁ በፊት «እኔስ ምን አዝዤ ነበር?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ያ ባዶ ጣሳ ዛሬ ከጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። መካኒኩን ለምኜ ወሰድሁት። ስሙ አሁንም ያብለጨልጫል፤ እኔ ግን ትንሿን መስመር ወደ እኔ አዙሬ አስቀምጬዋለሁ።