ባሌስትራ የተጨመረላት ሃይሉክስ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለ ሁለቱም ብዙ ተብሏል። ያልተወራለት አሮጌዋን ይዞ የቀረው ሰው ወገብ ነው።

ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ የሚኖር አንድ ሰው ያለችው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፤ ፊትም ኋላም ባሌስትራ የሆነችው የድሮዋ ፎር ዊል። ለዓመታት ሲሚንቶና ብሎኬት እየጫነች ልጆቹን አስተምራለታለች። አሁን ጭነቱ ቀንሷል፤ ወገባቸውን የሚያማቸውን እናቱን ሐኪም ቤት ታመላልሳለች። ኮብልስቶኑ አልቆ አስፋልት እስኪደረስ እናት እጀታውን ጨብጠው "ቀስ በል ልጄ" ይላሉ። እሱ ግን ከዚያ በላይ ቀስ ማለት አይችልም።

"ሾክ ቀይር" ተባለ። "ለከባድ ሥራ" የሚባለውን ውድ ሾክ ገዛ፤ ጭራሽ ባሰባት። ሾክ ክብደት አይሸከምም። የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፤ የሾክ ሥራ ባሌስትራው ሲዘል መግታት ብቻ ነው። ባሌስትራው አልታጠፍ ካለ፣ ጠንካራ ሾክ ድርቀት ላይ ድርቀት ይጨምራል።

ጥፋቱ የሲሚንቶው ዘመን ነው። እንደ ብዙው ባለ ፒካፕ እሱም ኋላ ላይ ተጨማሪ ንብር አስገብቶ ነበር። መኪናዋ ግን ከመጀመሪያውም አንድ ቶን ገደማ እንድትሸከም የተሠራች ናት፤ ባዶዋን ስትሄድ በተፈጥሮዋም ትደርቃለች። ተጨምሮባት አንዲት እናት ይዛ ስትሄድማ ባሌስትራው ሰው መጫኑንም አያውቅም።

ገንዘብ የማይጠይቀው መፍትሔ ጎማው ላይ ነው። ፒካፕ ሲመጣ 50 ፒ.ኤስ.አይ. የሚሞላ ጎሚስታ አይጠፋም። ለጭነት ያስኬድ ይሆናል፤ ለባዶ መኪና ግን ድንጋይ ነው። በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈውን ቁጥር አይቶ፣ ጎማው ሳይሞቅ ማስለካት ይሻላል። ቀጥሎ ባሌስትራውን አስፈትቶ በንብሮቹ መካከል ያለውን ዝገት ማስፋቅ፣ ያለቀውን ጎሚኒ ማስቀየር ነው። ንብር በንብር ላይ ካልተንሸራተተ ባሌስትራ አይሠራም። ብሎኖቹም በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ እንጂ በክሪክ ተነስታ መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ አዲሱ ጎሚኒ ከመነሻው ተጠማዞ ይቀራል።

ከምቾት የሚብስ ነገርም አለ። ብዙዎቹ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስል ጋር የተያያዘ፣ ጭነቱን እያየ የኋላውን ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ አላቸው። ባሌስትራ ሲጨመር የመኪናዋ ኋላ ከፍ ይላል። ቫልቩ ይህን "ባዶ ናት" ብሎ ይተረጉመውና ለኋላ እግር የሚሄደውን ፍሬን ይቀንሳል። በጭነት ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ባሌስትራ ሲጨመርም ሲቀነስም ቫልቩ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ሠራተኛው ካላነሳው ባለቤቱ መጠየቅ አለበት።

ጋራዡ ውስጥ ሠራተኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ "ነገ ሲሚንቶ ብትጭንስ?" ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ንብሩ ከወጣ በኋላ እንደ ድሮው ከልክ በላይ መጫን አይቻልም፤ የቀረችው የጭነት ገቢም ከባሌስትራው ጋር ትወጣለች።

አስወጣው። ውዱን ሾክም መልሶ ሸጠና ለስለስ ያለ ገዛ። ለደንበኞቹ ከአሁን በኋላ ከአሥር ከረጢት ሲሚንቶ በላይ እንደማይጭን ነገራቸው፤ ሁለቱ ወዲያው ሌላ መኪና ፈለጉ።