የቤቱ ምላጭ

አማርኛችን ምላጭን በጥሩ ዓይን የሚያይ ቋንቋ አይመስለኝም። ነጋዴ ከዋጋው በላይ ሲያስከፍለን «በደረቁ ላጨኝ» እንላለን። ደላላ ሲያጭበረብረን «በደረቁ ተላጨን» ብለን እንስቃለን። ውሃና ሳሙና ሳይነካ የሚወርድ ምላጭ በአማርኛ የግፍ ሌላ ስሙ ነው። ይህን አባባል የፈጠረው ሰው ነገሩን በቆዳው ሳያውቀው አልቀረም።

ሌላም አለ። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን አንዳንድ ጊዜ «ተላጨ» በምትለው ቃል አስጨንቃቸው ነበር። «ተመታ» ብንል መቺው ሌላ ሰው መሆኑ አያጠያይቅም። «ታጠበ» ብንል አብዛኛውን ጊዜ አጣቢውም ታጣቢውም አንድ ሰው ነው። «አበበ ተላጨ» ስንልስ? አበበ ራሱን በራሱ ላጨ ወይስ ሌላ ሰው ላጨው? ግሡ አይናገርም። ተማሪዎቹ እየሳቁ ለሁለት ይከፈሉ ነበር፤ የከተማው ልጅ «ራሱ ነዋ!» ይላል፣ የገጠሩ ልጅ «ላጨው እንጂ!» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱ የሰዋስው ሳይሆን የአስተዳደግ ነው።

እኔ የገጠሩ ወገን ነኝ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በገበዝ ማርያም አካባቢ ልጅ ለነበርን ሰዎች መላጨት በእኛ ላይ የሚደረግ ነገር እንጂ እኛ የምናደርገው አልነበረም። ፀጉር አስተካካይ ቤት የሚባለውን ነገር የምንሰማው ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ደርሶ የመጣ ሰው ሲያወራ ነው። (ሽማግሎቹ ፍኖተ ሰላምን ገና በድሮ ስሟ ወጀት ይሏት ነበር።) በዓል ሲደርስ እጃቸው የታወቀ አንድ ጎረቤት ይጠራሉ፤ ልጆቹ በተራ እንሰለፋለን። ሰውየው ጭንቅላታችንን በሁለት ጉልበታቸው መሃል ቀርቅረው፣ ከቅል ውሃ ቀድተው ራሳችን ላይ ያፈሱና «እንዳትነቃነቅ!» ይላሉ። የነቃነቀ ጆሮውን ይዳስስ። ቁንጮ ይቀር፣ ጋሜ ይሁን፣ ጨርሶ ይላጭ፣ የሚወስኑት ወላጆች ናቸው። የሴት ልጅ ሳዱላ ደግሞ አለማግባቷን ለአላፊ አግዳሚው የሚናገር ምልክት ነበር። ራሳችን የእኛ ነው፤ በራሳችን ላይ ያለው ነገር ግን የቤተሰብና የመንደር ጉዳይ ነው።

ምላጩስ የማን ነበር? የቤቱ። አንዲት ምላጭ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ተጠቅልላ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትሸጎጣለች። ያቺው ምላጭ የአባትን ፂም ትላጫለች፣ የልጆቹን ራስ ትላጫለች፣ እርሳስ ትቀርጻለች፣ ስፌት ትፈታለች፣ ጥፍር ትቆርጣለች። ስትዶለዱም በብርጭቆ ውስጠኛ ገጽ ላይ ታሽታ እንደገና ሥራ ትጀምራለች። እብጠት ሲወጣ መብጫ፣ ዋግምት ሲደረግ መተልተያ እሷው ናት። ሕፃን ሲወለድ እትብት የምትቆርጠው እሷ ናት፤ በሰባት በስምንት ቀኑ የምትገርዘውም እሷ።

አባቶቻችን «ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጡ፣ ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ሲሉ ምላጭን ከውሃ ጋር እኩል የመጨረሻ መፍትሔ አድርገው ነው። ችግሩ ምላጭ ማበጡ ነው። ያልተቀቀለ ስለት የነካው እትብት መንጋጋ ቆልፍ እያመጣ ስንት ጨቅላ ወሰደ! ሕዝቡ ይህን በሽታ ስም አውጥቶለት፣ ፈርቶት፣ ከምላጯ ጋር ግን ሳያገናኘው ኖሯል። ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ የጤና ስጋት ከመሆን ማስወገዷ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ትናንት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ኤችአይቪ መጣና «ስለታም ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው ቃል ከሬዲዮ እስከ ዕድር ተሰበከ። ፀጉር አስተካካዮች አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ አሳይተው ዓይናችን እያየ መክፈት የጀመሩት ያኔ ነው። ብዙዎቻችን «ምላጭ ባለቤት አለው» የሚለውን ሐሳብ የተማርነው ከፍርሃት ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ አባቱ ሞተበት። የልጁ ፂም በወጉ መውጣት የጀመረው ሐዘን ላይ ሆኖ ነው፤ እንደ ደንቡ ሳይነካው አሳደገው። አርባው ካለፈ በኋላ እናቱ «ተላጭ እንግዲህ ልጄ፤ ፊትህን ባየሁ ቁጥር ሐዘኑ አዲስ ይሆንብኛል» አለችው። እሱ ደግሞ ተላጭቶ አያውቅም። የሚያሳየው አባትም የለም። ስለዚህ ወደ እኔ መጣ፤ «ጋሼ፣ የትኛውን ልግዛ?»

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ አራት ዓይነት ደረደረልን። አንደኛው ተጠቅሞ የሚጣለው ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው ሦስት ስለት የተደራረበበት፣ ራሱ እየተነቀለ የሚቀየር፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ ነው። ሦስተኛው ፀጉር አስተካካዮች ግማሽ ምላጭ የሚሰኩበት ታጣፊ እጀታ ነው። አራተኛውን ከታችኛው መደርደሪያ አቧራውን እፍ ብሎ አወጣው፤ እጀታውን ሲያዞሩት የሚፈታ፣ ሁለት ፊት ስለት ያላት ምላጭ መሃሉ የምትገባበት የድሮ የብረት መላጫ። «ይሄ እንኳ የሽማግሌ ነው» አለና ሊመልሰው ሲል እጁን ያዝኩት።

የሽማግሌ የተባለው መሣሪያ ታሪክ አለው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚባል አሜሪካዊ ተጓዥ ሻጭ ነው፣ ስለቱ ሲደንዝ የሚጣል ቀጭን ምላጭ ያሰበው። ያን ጊዜ ሰው የሚላጨው ካራ በመሰለ ታጣፊ ስለት ነበር፤ እሱን በየጊዜው መሳልና በጠፍር ማሸት ሙያ ይጠይቃል። ቀጭን ብረት ስለት ሊያወጣ አይችልም ሲሉት ኒከርሰን የሚባል መሐንዲስ መላውን አገኘለት፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1901 ተቋቋመ። በ1903 የሸጡት 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር! አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ ሚሊዮኖችን ገዛ። ወታደሩ ምሽግ ውስጥ ራሱን መላጨት ለመደ፤ አገሩ ሲመለስም ልማዱን ይዞት ገባ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የብረቱ አይደለም። ሰው ፊቱን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ መስጠት ሳያስፈልገው ቀረ፤ «ተላጨ» ወደ «ራሱ ነዋ!» አዘነበለች።

እንግዲህ ምርጫው። ለጀማሪ የሚታጠፈውን አልመክርም። እሱ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል፤ ማዕዘኑን የሚጠብቅለት ነገር የለም፤ አንድ መንሸራተት ጉንጭን ይከፍታል። የሚጣለው ፕላስቲክ ለመንገድ ደህና ነው፤ ቀላል ስለሆነ ግን ሰው ሳይታወቀው ይጫነዋል። ሦስት ስለት የተደራረበው ደግሞ ለእኛ ዓይነቱ ፂም ጠላት ነው። የእኛ ፂም ጥቅልል ነው። የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ስቦ ሲያወጣው የኋለኛው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ጫፍ ሲያድግ ተጠምዝዞ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋል። አንገታቸው ስር ጥቁር ጥቁር እባጭ የሚወጣባቸው ወንዶች ብዙዎቹ በሽታ የያዛቸው ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ከመጠን በላይ አስጠግቶ የመላጨት ቅጣት ነው። ለእንዲህ ያለ ፂም አንድ ስለት ይበቃል።

የዋጋም ነገር አለ። ሦስት ስለቱን የገዛ ሰው ለዘላለሙ የዚያ ኩባንያ ገባር ነው፤ ራሱ ሲደንዝ ከሌላ መግዛት አይችልም። የብረቱ መላጫ ግን የማንንም ምላጭ ይቀበላል፤ አንዷ ምላጭ ከሲኒ ሻይ ዋጋ አትበልጥም። በሳሙናና በውሃ ተላጭቶ በኪሱ በኩል በደረቁ መላጨት ምን ትርጉም አለው?

ከብረቶቹም መምረጥ አለ። ክፍተቱ ሰፊ የሆነውና ጥርሱ እንደ ሚዶ የተከፈተው ለጎፈር ፂም ነው፤ ጀማሪን ይቆርጣል። የመጀመሪያው መላጫ ጠርዙ ድፍን፣ ስለቱ ትንሽ ብቻ የሚታይ፣ ክብደት ያለው፣ እጀታው በእርጥብ እጅ የማያንሸራትት ይሁን። በአጭሩ ይቅር ባይ ይሁን። የመጀመሪያ መምህርም፣ የመጀመሪያ ምላጭም ይቅር ባይ ሲሆን ጥሩ ነው።

ልጁን ወደ ቤት ወስጄ ሞቅ ያለ ውሃ አቀረብንለት። ፂም ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ መታገስ ነው። ከዚያ ሳሙናውን በቡርሽ እስኪያረፋ ማሸት። «ፂምህ ወዴት እንደሚተኛ በጣትህ ዳስስ፤ ወደተኛበት ላጭ፤ ሽቅብ እንዳትሄድ» አልኩት። ስለቱ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል ይበቃል፤ አጫጭር እየሳቡ፣ ሳይጫኑ፣ ክብደቱን ለብረቱ ትቶ። ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ ምላጯን አድርቆ ማኖር፣ ከአራት አምስት ጊዜ በኋላ መቀየር፣ ያገለገለችውን ልጅ እጅ በማይደርስበት ጣሳ ውስጥ መክተት። አገጩ ስር አንድ ቦታ ትንሽ ደማ፤ አልኮል ነካ ሲያደርገው ዓይኑ እንባ አቀረረ። የአልኮሉ ብቻ አይመስለኝም። የአባቱን ሐዘን ነው ያወረደው። ሊሄድ ሲነሣ አንዲት ነገር ብቻ ጨመርኩለት፤ «ይቺ ያንተ ናት፤ ለማንም አታውስ። ምላጭ አንድ ባለቤት ነው ያለው።»

ይህን ስናገር የማስበው ስለ ደምና ስለ በሽታ ብቻ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ስልክ ደወለ። ታላቅ እህቱ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሕፃኗ ሰባት ቀኗ እየተቃረበ ነው። አያቱ «ያንተ ምላጭ አዲስ ናት፣ ንጹሕ ናት፤ ከእሽጉ አንዷን ስጠን» ብለውታል።

ንጹሕ ምላጭ! ያሳለፍነው የጤና ትምህርት ሁሉ እዚያች ቃል ላይ ደርሶ ቆሟል። አያቲቱ ክፉ ሰው አይደሉም። በእሳቸውም ላይ ተደርጓል፣ በልጆቻቸውም ላይ። የተማሩት ምላጯ አዲስ ትሁን የሚለውን ነው፤ ተገራዧ ማን ናት የሚለውን የጠየቃቸው የለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 80 ከመቶ የተገረዙ ነበሩ፤ በ2005 74፣ በ2016 65 ከመቶ ሆነ። ቁጥሩ ወርዷል፤ ግን ከሦስት ሴቶች ሁለቱ ማለት ነው። በእኛ አገር ደግሞ የሚደረገው በጨቅላነት ነው፤ ልጅቱ እንቢ የምትልበት አፍ ሳታወጣ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ድርጊቱን ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ያስቀጣል። ሕጉ ግን ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ያለችውን ምላጭ አያያትም።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«እማማ፣ ምላጭ አንድ ባለቤት ነው ያለው፤ ይቺ የኔ ናት አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«"ኧረ ገበያው ሞልቷል" አሉኝ፣ ጋሼ።»

እውነታቸውን ነው፤ ገበያው ሞልቷል። አንድ ወጣት ምላጩን ስለከለከለ ግርዛት አይቀርም። ልጁም ይህ ገብቶታል። በማግስቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዞ መጣ፤ እህቱንም ለብቻዋ አነጋገራት። እህቱ ለካ እሷም አልፈለገችም፤ የጠበቀችው ከቤቱ አንድ ሰው ቀድሞ እንዲናገርላት ነበር። አባትየው ከሌለ ደግሞ በዚያ ቤት የወንድ ቃል የሚባለው የእሱ ሆኗል፤ ፂም ማብቀል አንዳንድ ጊዜ ለዚህም ይጠቅማል። ሰባተኛው ቀን አለፈ። አያቲቱ ሳምንት ያህል አኮረፉ፤ ከዚያ ሕፃኗን ማቀፍ ኩርፊያውን አሸነፋቸው።

ተማሪዎቼን ሳስጨንቅበት የነበረው ቃል ያን ቀን መልስ አገኘ። ሰው የመጀመሪያ ምላጩን ሲገዛ የሚገዛው ብረት ብቻ አይደለም፤ በገላዬ ላይ የሚወርደውን ስለት የምይዘው እኔ ነኝ የሚል ቃል ነው። ይህን ቃል ለራሱ የወሰደ ሰው ለሌላው ሊነፍገው አይገባም፤ በተለይ አፏን ገና ላልፈታችው። ልጅቱ ዛሬ አራት ዓመት አልፏታል። ፀጉሯን ማንም ላጭቷት አያውቅም አሉ፤ ለመሠራት ስትቀመጥ ሹሩባው የቱ እንደሚሆን መራጯ ራሷ ናት፤ ያልመረጠችውን ከጀመሩባት ታለቅሳለች።

ታልቅስ።